ለመዛኙ የተመረጠ ዓሣ

ጆአል፣ ጁላይ 15 ቀን 2021
ከታባስኪ፣ ከአረፋ በዓል በፊት ባለው ሐሙስ

ለንጎር አባት፣ ለጅጋን፤

እንዴት ከርመሃል? ዳካር ተስማምቶሃል አሉ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል፤ እኔ ከናፍቆቱም ድኛለሁ። ጣውንቴን ሰላም በልልኝ። ከዓሣ ቢሮው ጡረታ ስትወጣ የተሰጠህን የምስጋና ወረቀት ሳሎን ሰቅላዋለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አቧራውን ትጥረግለት።

የምጽፍልህ ስለ ያቦይ ዓሣችን ነው። ዓሣው ከስቷል። ድሮ ስናጨሰው ስቡ እሳቱ ላይ እየተንጠባጠበ ዓይናችንን ያስለቅሰን ነበር፤ አሁን እንደ እንጨት ደርቆ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ትተኸው በሄድከው ማስመሪያ ለካሁት፤ በሚዛንም መዘንኩት። ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነው ዓሣ ድሮ ሁለት መቶ ግራም ይሞላ ነበር፤ አሁን መቶ ሠላሳም አልደረሰ። ያውም ያን ያህል የሚረዝም ከተገኘ ነው።

ሰኞ ዕለት ስብሰባ ተጠራን። ዓሣ ፈጭቶ የዶሮ መኖ የሚያደርግ ሁለተኛ ፋብሪካ ሊተክሉ ነው። የዓሣ ቢሮው ሹም መዝገብ ገለጠና «ዓሣው ወፍራም ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልኬት አለን» አለ። ያንተን ልኬት ማለቱ ነው፤ ካንተ ወዲህ የለካ የለም። ፋብሪካው ከተፈቀደለት የእኛ የሴቶቹ ዓሣ ማጨሻ ይዘጋል፤ የሚተርፈን ጭራ እንኳ አይኖርም።

ያ መዝገብ እንዴት እንደተሞላ ከእኔና ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ማክሰኞ ማክሰኞ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ካገኘኸው ቅርጫት እጅህን ሰደህ ሳትመርጥ ሠላሳ ዓሣ ማውጣት ነበረብህ። እኛ ዘንድ ግን ለተከበረ ሰው ከሲታ ዓሣ አይሰጥም። ላቲርና ሌሎቹ ባለጀልባዎች የሰባ የሰባውን መርጠው ያቀርቡልህ ነበር። አንተም «ይህማ ምርጡ ነው፣ ከሥር ስጡኝ» ማለት አፈርክ። መጀመሪያ «ባሌን በከሲታ ዓሣ እንዳታዋርዱብኝ» ብዬ በየጀልባው የዞርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ኮርቼብህ ነበር። ይኸው ይሉኝታችን በላን።

ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ላቲር «ቴኒንግ፣ ሰው ማክበር ወንጀል ሆነ እንዴ? ባልሽ ቢተውሽ ዓሣው ምን አደረገ?» አለኝ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ አብረውኝ ሠላሳ ዓመት ጭስ የጠጡት ሴቶች ሳይቀሩ። በጣም ነው የከፋኝ። ሹሙ ግን አልሳቀም።

«እማማ፣ ልኬቱን ማሰረዝ የሚችለው የለካው ሰው ብቻ ነው» አለኝ። «ወሩ ሳያልቅ መጥቶ ‹የለካሁት የተመረጠ ዓሣ ነው› ብሎ ይፈርም።»

ስለዚህ ና። ከፈረምክ ስምህ እንደሚጎድፍ አውቃለሁ፤ ላቲርም ሰላምታ ይነሣሃል። ካልፈረምክ ግን ስምህ ተከብሮ ይኖራል፣ እኛ እናልቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ አልፏል፤ የቀረችውን እናትርፍ ነው የምልህ። ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም ጠይቄህ አላውቅም።

ማደሪያህ የፈለግከው ቤት ይሁን፤ እራትህ ግን እኔ ዘንድ ነው። መርጬ አላቀርብልህም፤ ያለው ከሲታ ነው። እኔም ካየኸኝ ወዲህ ከስቻለሁ፤ ስታየኝ እንዳትደነግጥ።

አላህ በሰላም መጥተህ ለመፈረም ያብቃህ።

የንጎር እናት፣
ቴኒንግ