የባርኮት የጉልበት ድጋፍ

ፋንዬ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልሽ። ስቅለትን ከአጎቴ ከጋሼ ደረጄ ጎን ስሰግድ ዋልኩ፣ እዚሁ ስትሪትሃም ባለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን። ልጃቸው ባርኮት ጥር ላይ ስኪ፣ ያን የበረዶ ሸርተቴ፣ ሊጫወት ሄዶ በረዶ ተንዶበት ሞተ። ጉልበቱንና ጭኑን ስለሚያመው ለስኪ የገዛውን፣ እግር ላይ የሚታሰር፣ በአየር ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ዛሬ አባቱ ከሱሪያቸው በላይ አስረው መጡ። ሲንበረከኩ ይታጠፋል፤ ሲነሱ ጮክ ብሎ እየተነፈሰ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። አገር ቤት እኛ ደብር በዚህ ቀን ከእግዚኦታ በቀር ምን ይሰማል? እዚህ ሰው ሁሉ እየዞረ ያየናል። አፍሬ፣ «ጋሼ፣ ይፍቱት፤ እኔ ልደግፍዎ» ብላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ተዪኝ፤ ባርኮት ነው የሚያነሳኝ» አሉኝ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አደራ፣ ሁለቱንም።

ብፅዓት