የፍሬሙ እንጨት

ኅዳር 28
ሱቅ ከፈትኩ። ጎብኚ የለም። የድሮዎቹን ሥዕሎች አቧራ አራገፍኩ... ፈረንጆች ከስንት ዘመን በፊት በመዳብ ላይ ቀርጸው ያተሟቸው የኛ የቡጊስ ሕዝብ ጀልባዎች። ሸራው ክር በክር ተስሏል። ሰዎቹ ግን ጉንዳን ያክላሉ፣ ፊት እንኳ የላቸውም። ለሸራው ተጨነቁ እንጂ ለሰው ማን ግድ አለው!

ማታ አማቴ እንስራውን አየችው። "ጎድሏል።" ባል ባሕር ላይ እያለ የቤት እንስራ አይጎድልም። ባሌ ባደሩ በጀልባችን ሲሚንቶ ጭኖ ባሕር ማዶ ወደ ካሊማንታን ከሄደ ወዲህ ሥራዬ ውሃ መቅዳት ሆኗል። ሞላሁት።

ታኅሣሥ 6
ትልቁ ሥዕል ተሸጠ! ባለ ሆቴሉ ሀጂ ሳኑሲ ወሰደው። "ፍሬሙን ማን ሠራው?" አለኝ። "ባሌ።" ኮራሁ።

ታኅሣሥ 13
የባደሩ ጓደኛ ኡፔ ከካሊማንታን ገባ። መልእክት ይዞ። "ትልቁን ፍሬም እንዳትሸጪው ብሎሻል። እንጨቱ የእማ ነው።"

የምን የእማ?... ከዚያ ገባኝ።

ጀልባችን መሠራት ስትጀምር የታችኛው ግንዷ ሁለት ጫፍ ተቆረጠ። የፊቱ ባሕር ተጣለ፣ እንድትሄድ። የኋላው ቤት ቀረ፣ እንድትመለስ። አማቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ራስጌዋ አስቀመጠችው። ዓርብ ዓርብ ትዳስሰዋለች። ባደሩ ፍሬሙን የሠራው ከሱ ኖሯል።

"ታዲያ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"
"የወንበር እግር!" ኡፔ በሳቅ ሊሞት። "ባልሽ ጅል ነው እኮ። 'እንዲህ ያለ እንጨት አይጣመምም፣ ለሷ ሥዕል ነው የሚገባው' አለኝ።"

ለኔ ብሎ... ወይ አንተ ሰው።

ታኅሣሥ 14
ሆቴሉ ሄድኩ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ እህቴ" አለኝ ሀጂ ሳኑሲ። ለመንኩት። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። ቢስቅብኝስ?

ዛሬ ዓርብ ነው። አማቴ ጥቅሉን ዳሰሰች። መልሳ ራስጌዋ አኖረችው።

ታኅሣሥ 22
ማዕበል የሚያመጣው የምዕራቡ ነፋስ ገባ። ወደቡ በታሰሩ ጀልባዎች ተሞልቷል። የኛዋ የለችም። ሞልቶ እያለ እንስራውን ልሞላ ተነሳሁ።

ጥር 4
ጀልባችን ተሰበረች። ሳንቃዋን አገኙ። ሰው አላገኙም።

ጥር 9
ነፋስ ነው የገደለው። አውቃለሁ። ግን እንጨቱ ቤት ቢሆን ኖሮስ?... ይህን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

ጠዋት አማቴ፣ "ሬሳው ከሌለ እንጨቱን እንቀብራለን" አለች። የወንበር እግር ልንቀብር! ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ። ዛሬ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኩት። ሀጂ ሳኑሲ አልሳቀም። ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው፣ ፍሬሙን በእጁ ፈታው። "ሥዕሉንም ውሰጂው" አለኝ። እነዚያን ፊት የሌላቸውን ሰዎች ማየት አልቻልኩም። ተውኩለት።

አራቱን ቁራጭ አማቴ እግር ሥር አስቀምጬ ተደፋሁ። "እማ፣ ይቅር በይኝ።"
"እጄ የልጄን እንጨት አያውቅም ብለሽ ነው?" አለች። "ገና የመጀመሪያው ዓርብ አውቄያለሁ። የወንበር እግር! ያውም የገዛ ወንበሬ።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"ሲመለስ ጆሮውን ልቆነጥጠው ነበራ።"

ከዚያ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

ጥር 11
ኢማሙ "እንጨት አይቀበርም" ብሎ ቀረ። አማቴ ራሷ አካፋውን አነሳች። ተቀብያት ቆፈርኩ። አራቱም ቁራጭ በነጩ ጨርቅ ገቡ።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። እንስራው ከግማሽ በታች ወርዷል። እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት።

ማናችንም አልተነሳንም።