የኔሰው እንዲወድቅ ፈቀድኩ

ጥቅምት 14
ጸጉሬን ተስተካከልኩ። ጸጉር ከተባለ። ሐብታሙ ጸጉር ቤቱን ቀለም ቀብቶ፣ የፊልም ተዋናዩን የየኔሰውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ፣ በቦታው ኳስ ተጫዋች ለጥፏል። የት ጣልከው? አልኩት።
«አያ ቀለሙ፣ ያንቱ ጀግና እኮ አሁን የቆርቆሮ ማስታወቂያ ነው የሚሠራው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጮህ አላዩትም?»
አይቻለሁ። ቢጮህስ? ድምፁ ያው ድምፅ ነው... ትንሽ ሻክሯል። እኔስ አልሻከርኩም? ራሴ በግማሹ እንደተላጨ ጥዬው ልወጣ ነበር። ብርድ ሆነና ተቀመጥኩ።
ይህን የምትጽፈው ሰገነት ናት፣ የልጄ ሚስት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትምም፤ መሬቴ ፊደል ቁጠርልኝ ብሎኝ አያውቅም። እራት እስኪደርስ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «አባባ፣ ማን ሊያነበው ነው?» አለችኝ። ማንም። እኔም አላነበውም። ነገሥታቱ ያስጽፉ የለ? እኔ ምን አንሶኝ?

ጥቅምት 20
ስለ የኔሰው ጻፊ አልኳት።
መጀመሪያ ያየሁት ዘርፈሽ በሕይወት ሳለች ነው። ነፍሷን ይማረው፣ ባለቤቴ። እዚሁ ብቸና ገበያ ውለን ቪዲዮ ቤት ገባን። አግዳሚው ላይ ከጎረምሳ ጋር ተጣብቀን ተቀመጥን። ፊልሙ የድንበር ጠብ ነው። ኩታውን አጣፍቶ ብቅ ሲል... ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዱላ መጣ፣ አልወደቀም። ጥይት መጣ፣ አልወደቀም። በመጨረሻ ሳቀ። ዘርፈሽ ክንዴን ይዛ «ይኸ ሰው ሲስቅ ብርድ ይለቃል» አለች። ቀናሁ? ትንሽ። ግን እኔም ወድጄዋለሁ፣ ምን ላድርግ?
ከዚያ ወዲህ ያላየሁት ፊልም የለውም። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ቴሌቪዥን ላይ እሱ ከመጣ አለቀልኝ። ሞጣ እወርዳለሁ ብዬ አዴት የደረስኩበት ቀን አለ። በአንዱም ፊልም አልወደቀም። ሌላው ይወድቃል። የኔሰው አይወድቅም።
ከዚያ ጠፋ። ጠጣ አሉ። ሆዱ ገፋ አሉ። አሉ፣ አሉ...

ኅዳር 3
ሰገነት ስልኳ ላይ የኔሰውን አሳየችኝ። ወፍሯል። ከሥር የሚጽፉበት ሁሉ ይስቁበታል። ዝጊው አልኳት።

ኅዳር 19
ወሬ! የኔሰው ሞጣ ነው! ፊልም ሊሠራ። የእህቴ ልጅ ታደለ እዚያ ጨርቅ ይነግዳል፣ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ በዓይኔ አየሁት፤ ሱቄ በር ላይ ሻይ ሲጠጣ!» አለኝ።
ነጩን ኩታ እጠቢልኝ አልኳት ሰገነትን። «ንጹሕ ነው አባባ።» ድገሚው።

ኅዳር 22፣ ሞጣ
ምን ሠራሁ?
በተራ ልናገር። ሰገነት አብራኝ መጥታ ሁሉንም አይታለች፤ ብዋሽ እውነቱን ትጽፍብኛለች።
ረፋድ ላይ ደረስን። ታደለ ከገበያው ጀርባ ወሰደን። ሰው ከቧል። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። አየሁት... ሸብቷል። ኮቱ ተቀዷል። አንድ ጎረምሳ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ «ውጣልኝ ከቤቴ!» ይለዋል። ቡጢውን አነሣ።
ታደለ «አጎቴ፣ ፊልም እኮ ነው!» ሲል ነበር አሉ። አልሰማሁም። ሁለት ሰው ሲጣላ ዝም ብሎ የሚያይ ሽማግሌ የት አገር ነው ያለ? ከመሃላቸው ገብቼ በዱላዬ ጋረድኩት። «በሞጣ ጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ! እጅህን ብታነሣበት ግዝት ይሁንብህ!»
«አቁሙ!» አለ አንዱ ከካሜራው ኋላ።
አዘጋጁ መጣ። ልጅ ነው፣ ግን ጨዋ። «አባቴ፣ ጠብ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነን» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አፈርኩ... አፈርኩ ብለሽ አትጻፊ።
እንደገና ጀምሩ ተባለ። ጎረምሳው እጁን አላነሣም። ስሙ ማስተዋል ነው፣ የደጀን ልጅ።
«አልመታም» አለ።
«ፊልም ነው ባክህ!» አለው አዘጋጁ።
«ጊዮርጊስ ፊልም አያውቅም። እናቴ ብትሰማ ደጇን አታስረግጠኝም። የገዘቱኝ ይፍቱኝ።»
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ? አልፈታም አልኩ። የኔሰው ለምን ይመታል? የምን ፊልም ነው ይኸ? ዱላዬን ይዤ ወደ ታደለ ቤት ሄድኩ።

ኅዳር 23
ሌላ ወሬ። የፊልሙ ባለቤት ከአዲስ አበባ ደውሎ «እስከ ነገ ካልቀረጻችሁ የሽማግሌውን ነገር አውጡት» ብሏል አሉ። ሽማግሌው ማለት የኔሰው ነው! ከስንት ዘመን በኋላ ያገኘው ሥራ... እኔ ላሳጣው? የሳቁበት ሁሉ ያላደረጉትን እኔ?
«ይፍቱት እንግዲህ» አለች ሰገነት።
«ቃሌ የጠፋ በሬ ነው እንዴ፣ ፈልጌ የምመልሰው?»
«እንግዲያው የኔሰውን ራሳቸውን ይጠይቋቸው።»
ስንነታረክ በሩ ጨለመ። የኔሰው! ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ጉልበቴን ሳመ። ስንት ዘመን የምነግረውን ሳሰናዳ ኖሬ... «ተቀመጥ» ብቻ አልኩት።
«አባቴ፣ ልመታ። ይፍቀዱልኝ» አለ።
«አንተ እኮ ወድቀህ አታውቅም!»
ሳቀ። ያው ሳቅ። ቤቱ ሞቀ።
«አስወድቀውኝ አያውቁም» አለ። «ተመልካች ይቀየማል ይሉ ነበር። ስንት ዓመት ቆሜ ቀረሁ አባቴ! ሰው ትከሻዬን አየ እንጂ እኔን ማን አየኝ? አሁን ልጁ የሚያባርረው አባት ሆኛለሁ። ይኸን ሥራ ወድጄዋለሁ። አይንጠቁኝ።»
«ይስቁብሃል።»
«እየሳቁ አይደል? ቆርቆሮውን አላዩም?»
«አይቻለሁ። ደኅና ቆርቆሮ ነው።»
ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን። ታደለ ደንግጦ ከሱቁ ሮጦ መጣ።

ኅዳር 24
ፈታሁ። ልጁ የኔ ቃል ብቻ አልበቃው ብሎ የጊዮርጊሱ ቄስ ሀብተ ሥላሴም ተጠሩ። መስቀላቸውን አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አያ ቀለሙ፣ አትማቱ ብዬ ስገዝት ነው የኖርኩ። ምታ ብዬ ስፈታ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ።
ማስተዋል መታው።
እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አይተሻል እኮ... ጻፊው ብቻ። መጀመሪያ ጉልበቱ ከዳው። እጁ የሚይዘው ፈለገ፣ አጣ። መሬት ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ልጁን አየው። ቁጣ የለበትም። የልጁ እጅ እንዳያመው የፈራ ይመስላል። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እኔን!» ብላ ጮኸች። ጀግና ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጥቶ ያውቃል? ያን ሁሉ ዘመን ምን ስንመለከት ነበር?
አላለቀስኩም። ሰገነት «አልቅሰዋል» ብላ ጽፋለች፤ ድምፅ አውጥታ አነበበችልኝ። ይቅር።
አዘጋጁ «ድገሙት» አለ። እንዴ! አንዴ ነው እኮ የፈቀድኩ! የኔሰው ከመሬት ሆኖ ዓይኑን ጠቀሰኝ። እሺ... ድገሙት።

ሚያዝያ 21
ፊልሙ በቴሌቪዥን ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት። ቦታ ጠፍቶ ሐብታሙ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነው ያየው። የኔሰው ሲወድቅ ከሕፃን እስከ አዋቂ ተንሰቀሰቀ። ሐብታሙ ሳይቀር! አልተሳለቅኩበትም። ደግሞ እንዳይመታ ገዝቼ እንደነበር ማንም እንዳይረሳ ሦስቴ ተናገርኩ። አራት ነው ትላለች ሰገነት።

ግንቦት 6
የኔሰው ደወለ። ያን ፊልም ያዩ ሰዎች ጠርተውታል፣ ሌላ ፊልም አግኝቷል። ድምፁ እንዴት ደስ ይላል!
«አባቴ፣ ሳልጀምር ላስፈቅድዎ ብዬ ነው።»
«ደግሞ ማን ሊመታህ ነው?»
«ማንም። በዚህኛው እሞታለሁ።»
አሰብኩበት።
«መሃል ላይ ነው መጨረሻ ላይ?»
«መጨረሻ ላይ።»
«ቀባሪስ አለህ?»
«ኧረ የለኝም፣ ለቀብሩ ሰው እየፈለግን ነው።»
እንግዲያው ሙት አልኩት። እኔ፣ ሰገነት፣ ታደለ፣ ሐብታሙም ጸጉር ቤቱን ዘግቶ፣ ሁላችንም እንመጣለን። ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ነን። ለምን ይዋሻል? ለቀብር እንዲህ ቸኩዬ አላውቅም።