የራስን አጥንት ይዞ ስለመምጣት

ለተከበሩ የሕክምና ኮሌጃችን ዲን፣ ለከተማችን ልጅ፣ ለፕሮፌሰር ዶክተር ፉኣድ ሩሽዲ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ጤናዎን፣ ወገብዎን፣ የዓይንዎን ብርሃን እጠይቃለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ባለፈው ዓመት የሸኘናቸውን አባትዎን ሐጅ ሩሽዲንም በጀነት ያኑርልን። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። መንገዱ በትልልቅ መኪና ተዘግቶ ስለነበር ያሰገዱትን ሸህ በባጃጅ እስከ መቃብሩ በር ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ውለታ ለማስቆጠር ሳይሆን እንዲያው እንዲያውቁኝ ያህል ነው።

ስሜ ዘይንሁም ደሱቂ ይባላል። እኔና ትምህርት የተኳረፍነው የሙያ ትምህርት ቤት ሳለሁ የመምህሩን ወንበር ግራሶ ከቀባሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ሽማግሌ አልተላከም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ስህተት ቢያገኙ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝና ይመልሱልኝ። የምጽፍልዎ ስለ እህቴ ስለ ራውያ ነው፤ ዘንድሮ ኮሌጅዎ ገብታለች። ስለ አባታችንም ነው፤ እሱም ለካ እኛ ሳናውቅ ኮሌጅዎ ገብቶ ኖሯል።

ለአዲስ ተማሪዎች ያሳተሙት «ሐኪም ለመሆን የሚረዱ ምክሮች» የሚለው ወረቀት ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እናቴ ማንበብ ባትችልም ስታልፍ ስታገድም በእጇ ነካ ታደርገውና እጇን ትስማለች። እንግዲህ ምስጋናዬን በምክርዎ ተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ሐኪምነት የሚጀምረው ከዛሬ ነው» ብለውናል፤ እናመሰግናለን። ውጤት በወጣ ማግስት ራውያ ገና ደብተር ሳትገዛ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላት ጀመር። ከላይ ፎቅ ያሉት ኡም ሻዲያ እግራቸውን ይዘው ወረዱና «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ደም ስሬን እዪልኝ፤ እየነዘረች እንቅልፍ ነሳችኝ» አሏት። «እትዬ፣ ገና መች ተማርኩና?» ብትላቸው «ኧረግ! ካሁኑ ኮራሽብን?» ብለው ወጡ፤ ሰላምታ ከዚያ ወዲህ ቆሟል። እኔ ግን ጊዜ ሳላጠፋ ባጃጄ ላይ «የዶክተር ወንድም» ብዬ አስጽፌያለሁ።

፪. «ተማሪ በቂ እንቅልፍ ይተኛ» ይላሉ፤ ዝቅ ብለው በአራተኛው ምክር ደግሞ «ሳያነብ የሚያድር ተማሪ ለሐኪምነት አይበቃም» ይላሉ። እህቴ ሁለቱንም ለማክበር ዓይኗን ከፍታ መተኛት ተምራለች። ለሳይንስ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሦስተኛው ስለ ቁርስ ነው፤ እሱን ለእናቴ ትቼዋለሁ።

፭. «እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አጥንት ይዞ ይምጣ።» የኮሌጁ አጥንቶች ለእንግዳ መታያ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ውድ ዕቃ ነውና አይከፋንም። ስለዚህ አዲሱ ተማሪ ከነባሩ ይገዛል፣ ነባሩም ከእሱ በፊት ከነበረው ገዝቷል፣ የመጀመሪያው ከማን እንደገዛ ግን አንድም መምህር ጠይቆ አያውቅም። ራውያ የገዛችው ከአንድ ሊመረቅ ከደረሰ ተማሪ ነው። «ይቺ የጭን አጥንት ብረት ስላለባት ቅናሽ አደርግልሻለሁ። ብረቱን እንደ ምርቃት ቁጠሪው ባክሽ!» ብሎ እየሳቀ በጥቁር ፌስታል ጠቀለለላት።

፮. «አጥንቱን አትፍሩት፤ እንደ ቤተሰብ አባል ተላመዱት።» ክቡር ሆይ፣ ይህን ምክር እንደኛ ቤት ከልቡ የፈጸመው የለም።

አባታችን ደሱቂ ከዘንባባ ላይ ወድቆ ጭኑ በተሰበረ ጊዜ ሆስፒታሉ ብረት አስገባለት። ብሎን አልቆባቸው ነው መሰል፣ አንዷን ወንድሞቿን የማትመስል አምጥተው ስላሰሯት ጭንቅላቷ ከቆዳው ሥር አብጣ ትታይ ነበር። ልጅ ሳለሁ እሷን ጫን አድርጌ «ጲጲጵ!» ስል እንደ ጭነት መኪና እያጓራ ይነሳና ትከሻው ላይ አድርጎኝ ክፍሉን ይዞራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እናቴ የሐኪሙን ዘር እየረገመች በሞቀ ዘይት ታሽለታለች። ራውያ ትንሽ ሳለች ሞተ፤ እኛም እንደ አገሩ ሁሉ ገንዘን ቀበርነው።

ባለፈው ሐሙስ ራውያ ኮሌጅ በሄደችበት አልጋዋ ሥር ያለውን ፌስታል ፈታሁት። የታሰረ ነገር ሳልፈታ ማለፍ አልችልም፣ ዓመሌ ነው። ረጅሙን አጥንት መዝዤ ከኋላዬ ደበቅሁና እናቴ ለወጥ የሙሉኪያ ቅጠል ወደምትከትፍበት ገባሁ።

«እማ፣ ለሾርባ የሚሆን አጥንት አመጣሁልሽ።»

«አንተ ሸይጧን! ውጣልኝ ከዚህ!» ብላ እየሳቀች መክተፊያውን አነሳችብኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመ። መክተፊያውን አስቀመጠች፣ በቅጠል የረጠበ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ አጥንቱን ከእጄ ወሰደች። አውራ ጣቷ ሳይፈልግ በቀጥታ ሄዶ ያቺ ብሎን ላይ አረፈ።

«ደሱቂ ነው» አለች።

«እማ፣ እግሩ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው እኮ ብዙ ነው...»

«ዝም በል። ስንት ክረምት ያሸሁትን እግር አንተ ልትነግረኝ ነው?»

እኔም ብሎኗን ጫን ላደርጋት ጣቴን ዘርግቼ መለስኩት። ራውያ ማታ ስትመጣ ነገርናት። ጠባሳውን፣ ጉብታውን፣ ጥግ ጥጉን በጣቷ እየዳሰሰች ስትሸመድድ የሰነበተችው፣ እንቅልፍ ሲጥላትም አቅፋው ያደረችው አባቷን ነበር። እንደ ቤተሰብ አባል ተላምዳዋለች፤ ምክርዎ ቃል በቃል ተፈጽሟል።

በማግስቱ አጥንቱን ይዘን ሦስታችንም ወደ መቃብር ጠባቂው ወደ ሸንዲ ሄድን። «አጎቴ ሸንዲ፣ አባታችን የት ነው?» አልኩት። «በአላህ እጅ ነው ልጄ» አለኝ። «እግሩስ?» ስለው ጢሙን አሻሸና «እንግዲህ ለሟች ምን ይሠራለታል? ነገ ዶክተር ለሚሆኑ ልጆች ነው የሄደው፤ ሶደቃ ነው ብላችሁ ያዙት» አለ። የአባታችንን የመቃብር ክፍል በር አስከፈትነው። ውስጡ የተገነዘበት ከፈን ብቻ አለ፤ ተጣጥፎ። ሸንዲ ንጽሕና ይወዳል። በየኢዱ ደጁ ተቀምጠን ፋቲሃ ስንቀራ የቀራነው ለተጣጠፈ ጨርቅ ኖሯል፤ እናቴ ለእሱ ነፍስ ለልጆች ያከፋፈለችው ተምርም እንደዚያው።

እናቴ ከፈኑን ዘርግታ አጥንቱን ጠቀለለችው። ለአንድ እግር በጣም ሰፋ። ደጋግማ ብታጥፈውም ሰፋ።

፯. «በፈተና ቀን የጎደለ ዕቃ ያለው ተማሪ ሰበብ አያቅርብ።» ራውያ አላቀረበችም። ቅዳሜ ፈታኙ «ዶክተር፣ የጭን አጥንትሽ የታለ?» አላት። «ቀበርኩት» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙም ቀልድ አዋቂ ነውና «እንግዲያው ውጤትሽንም ከጎኑ ቅበሪው» ብሎ ዜሮ ሰጣት። ሌላ አጥንት ይዛ በመስከረም ደግማ እንድትፈተን ስለፈቀዱላት ርኅራኄዎን እናደንቃለን። እሷ ግን ያልታወቀ ሰው አጥንት ከእንግዲህ በእጄ አልነካም ብላለች፤ እናቴም ወረቀትዎን ከግድግዳው አንስታዋለች።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ናት። የቀሩት የአባቴ አጥንቶች ብረት የላቸውም፤ ቢያዩአቸው እንኳ የሚለያቸው የለም። ስለዚህ ኮሌጅዎ ውስጥ ያለው አጥንት ሁሉ ለእኔ አባቴ ሊሆን ይችላል። ግቢዎ በር ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ ተማሪ ሁሉ ቦርሳውን አንግቶ ሲያልፍ ብድግ እላለሁ፤ ጓደኞቼ አበደ ይላሉ። እባክዎ አጥንቶቹን ከልጆቹ ይሰብስቡልንና የእኛም የሌላውም አንድ ላይ ይቀበሩ። ለትምህርቱ የፕላስቲክ ይግዙላቸው። ፕላስቲክ ልጅ የለውም፤ ደብዳቤም የሚጽፍብዎ አይኖርም።

የምክርዎ ተጠቃሚ፣ የዶክተር (ኢንሻአላህ) ወንድም፣ የሟች በከፊል ልጅ፣ በሙሉ አክብሮት አንገቱን ደፍቶ ጫማዎን የሚያይ፣

ዘይንሁም ደሱቂ፣ ባለ ባጃጅ

ማስታወሻ፦ ከመቃብሩ ስንወጣ በሐጅ ሩሽዲ ደጅ አለፍንና ለእሳቸውም ፋቲሃ ቀራን። እብነ በረዱ ያምራል። የበሩ ሲሚንቶ ግን አዲስ ነው፤ ገና አልደረቀም። ሸንዲን ብጠይቀው «እድሳት ነው» አለኝ፤ እኔም አምኜዋለሁ፣ የማላምንበት ምን ምክንያት አለኝ? ብቻ በመስከረሙ ፈተና ተማሪዎቹ የራሳቸውን አጥንት ይዘው ሲገቡ፣ ውጤት ከመስጠትዎ በፊት አንድ በአንድ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ይዩአቸው። አባትዎ ምልክት ነበራቸው?