ጾምና የቦቄ ጡት

ማክሰኞ

አሁንም አብጧል። የላሜ የቦቄ የግራ የኋላ ጡት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ስነካት ትራገጣለች። ጥፋቱ የጾሙ ነው ብል እግዜር ይቆጣል፤ ግን ነው። በፍስክ ቢሆን እያለብኩ በጣቴ ቀመስ አደርግ ነበር፤ ጨው ጨው ካለ ጡቷ መታመሙን ወዲያው አውቃለሁ። በሁዳዴ ማን ወተት ይቀምሳል? እየጓጎለ እስኪወጣ ድረስ ለፋሲካ ቅቤ አጠራቅማለሁ ብዬ ከረምኩ።

ባሌ አበጀ ዛሬም ያንኑ ጀመረ። "ያለቀላት ላም ናት። ቅዳሜ ለበዓል ገበያ ላውጣት፤ ከፋሲካ በኋላ ማን ሥጋ ይፈልጋል?" ሥጋ አላት ቦቄን! በሕማማት መራገም ባይገባም፣ ምላሱን ይቁረጠው።

ረቡዕ

የከብት ሐኪሙ ከንፋስ መውጫ በባጃጅ መጣ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መርፌ ወግቷት፣ ሻል ብሏት፣ ተመልሶባታል። "ሕመሙ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ብደግመውም እንጃ" አለ። ስልክ ላይ ያየሁትን ነገርኩት፤ እሬት ልጦ ከእርድ ጋር ወቅጦ መቀባት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "ከውጭ ብቻ ቀቢ፤ ጡቷ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ። አሁንም አሁንም አልቢያት። መብላት ካቆመች ወይ ካተኮሳት ደውይልኝ።" ያድናታል ብሎ ግን አልማለልኝም።

ቀባሁ። እጄ ቢጫ ሆነ። የምነካው ሁሉ ይመራል።

ሐሙስ

አለብኩ፣ አጠብኩ፣ ቀባሁ። አለብኩ፣ አጠብኩ፣ ቀባሁ። ጉልባኑ ምድጃ ላይ አረረ። አበጀ ያረረውን እየፋቀ በላ።

መጓጎሉ ቀንሷል መሰለኝ። እብጠቱም ላላ ብሏል። ወይስ ስለፈለግሁ ነው? ጥጃው ግን ያንን ጡት ገና ሲይዘው አፉን አጣሞ ይተፋዋል። ወተቱ ጨው ሆኖበት ነው ወይስ እሬቱ መርሮት? ልጆቼን ጡት ያስጣልኳቸው እሬት ቀብቼ አይደለም እንዴ? ምን ነክቶኝ ረሳሁት! ጥጃው ካልጠባ ደግሞ ወተቷን አትለቅም።

ብቀምሰው ባንዴ ይለይልኝ ነበር። የጎረቤት ሕፃን አይጾምም፤ ግን የታመመ ወተት ለሰው ልጅ አላቀምስም፤ አላበድኩም።

ዓርብ

ስግደት። ጉልበቴ አልቋል። የወይራ ጥብጠባው ላይ ተራዬ ሲደርስ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። "አባ፣ ወተት ምላሴ ላይ አድርጌ ብተፋውስ?"

ወይራውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ። "በስቅለት?"

"ለላሜ ነው፣ አባ።"

"ምላስም ይጾማል፣ ልጄ። ጥጃው አይጾምም፤ እሱን ጠይቂው።" ስግደትም ጨመሩብኝ።

ከዚያ ወዲህ አልቀባሁም። ለብ ባለ ውሃ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። ነገ ጥጃው ይፍረድ።

ቅዳሜ

ቄጠማዬን ራሴ ላይ እንዳሰርኩ ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ጥጃውን ለቀቅሁት። ሦስቱን ጠባ ጠባ አደረገና ወደ አራተኛው ሄደ። ያዘው። ትንሽ ጠባ። ተወው።

አበጀ ወደ ገበያ ሊጎትታት ገመዱን ይዞ በር ላይ ቆሟል። "አየሽ?"

"ምኑን? ጠባ እኮ!"

"ተወው እኮ!"

"ጠግቦ ነው!"

ስንጯጯህ ቦቄ ከኋላዬ ቄጠማውን ከራሴ ላይ ጎትታ በላችው። አበጀ ሳያስበው ሳቀ። ገመዱን ሰቀለው። ነገ ቀምሼ ጨው ካለ ግን፣ በርካሽም ቢሆን ለነጋዴ ሊሰጣት ተስማማን። ምን ቆርጦኝ ተስማማሁ?

እሑድ

ክርስቶስ ተነሣ። ቤተሰቡ ዶሮውን ከቦ ይጠብቀኛል፤ እኔ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በረት ገባሁ። የግራውን የኋላ ጡት መዳፌ ላይ አለብኩ። ነጭ ነው። አልጓጎለም። የሁዳዴ መፍቻዬ ይህ ሊሆን ነው እንግዲህ።

ቀመስኩት። ተፋሁት። ደግሜ ቀመስኩት።

አበጀ አንገቱን በበሩ አስግጎ "እህስ?" አለ።

መረረኝ። የገዛ እጄ እሬት ነው፤ ይህን ሁሉ ታጥቤም አልለቀቀኝ። ጨው ግን የለውም። ፈለግሁት፤ የለም።

"ይመራል!" አልኩት፣ እየሳቅሁ እያለቀስኩ። ምን እንደሚያስቀኝ አልገባውም፤ ገመዱን እያየ ቆሟል።