ከላሟ በፊት

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ከሥራ በኋላ

ዛሬም ጎሚስታ ቤት። የኮምባይነር ጎማ ነው የመጣው፤ ሰው የሚያህል። እጄ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አንቺንም ላቆሽሽሽ ነው ደብተሬ፣ ቻይው።

ከዚያ ወጣት ማዕከል፣ የተውኔት ጥናት። የቡድናችን አለቃ ጋሽ በዳሳ (ጡረታ የወጡ መምህር) ፎቶ ኮፒ አድርገው ያመጡት አዲስ ኮሜዲ። ከድሮ ትራጀዲዎች የተለቀሙ ሦስት ንጉሦች መናኸሪያ ተቀምጠው ለወንበር ይጣላሉ። ሞተዋል፤ አያውቁም። መርዶ ነጋሪው ካልነገራቸው መኪናው አይነሳም። መርዶ ነጋሪው ደግሞ ፈሪ ነው፤ ይመጣል፣ ስለ ገብስ ያወራል፣ ይመለሳል። እሱን የምሠራው እኔ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ለተባረረ ሰው ትልቅ ሹመት ነው።

ጓደኛዬ ደሬ ትልቁ ንጉሥ። ዘውዱን ከጎማ ቆርጬ ሠራሁለት። ውስጡን ሙጫ ቀባሁት። ፀጉሩ ላይ ቀረ። እያሳደደኝ ሳለ የወንድሙን የታዴን ድምፅ አስመሰልኩበት፣ ያንን ከአፍንጫ የሚወጣውን። ክው ብሎ ዞረ። ታዴ ሳውዲ ከሄደ ጀምሮ በዚህ አታልለዋለሁ፤ ሁሌ ይዞራል።

ጋሽ በዳሳ አልሳቁም። እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አስነበቡን፤ አንዴ እየሳቅን፣ አንዴ ሳንስቅ። ኮሜዲ ማለት ቀብሩ የተላለፈ ትራጀዲ ነው፣ ጻፉት አሉ። ይኸው ጻፍኩት። አልገባኝም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ታዴ ሞቷል።

በቃ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው? ግማሽ መስመር እንኳን አልሞላም።

የእነ ደሬ አጎት ጋሽ ለማ ከበቆጂ መጥተው ጎሚስታው በር ላይ ጠሩኝ። የሞተር ሳይክላቸውን ጎማ ያስተነፈስኩት እኔ መሆኔን የደረሱበት መስሎኝ ሳቄን ዋጥኩ። አይደለም። መኪና ገጭቶት። እዚያው ሳውዲ ቀበሩት። አብሮት የሚኖር ልጅ ደውሎ ነገራቸው።

እናትየው እትዬ አስካለ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሆዳቸው ተቀዶ ስፌቱ ገና አልደረቀም። ሐኪሙ አታስደንግጧቸው ብሏል። ስለዚህ ቤታቸው እስኪገቡ መርዶው ይቆያል። ደሬም አይሰማም፤ ፊቱ ምስጢር አይችልም።

እሺ፣ ዝም እላለሁ አልኩ።

ዝም በል መች አልኩህ አሉኝ። እትዬ አስካለ ታዴ ለምን አልደወለም እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። አንተ ድምፁን ትችልበታለህ አሉ።

ጎማ ፊቴ ላይ ፈንድቶብኝ ያውቃል። እንደዚህ አልደነገጥኩም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ። ጠዋት

ደወልኩ። ደሬ ኮሌጅ ነው። እትዬ አስካለ ቁጥር አያነቡም። ጋሽ ለማ አጠገቤ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ስልኬ ተሰበረ፣ የሰው ስልክ ነው፣ እማዬ እንዴት ነሽ፣ ስፌቱ ያምሻል ወይ አልኩ።

ስፌቱን? አሉ። ከዚያ ደህና ነኝ ልጄ አሉ። ብርድ እንዳይመታህ አሉ። ለሳውዲ! የአሰላ ሰው ከብርድ ሌላ ጠላት አያውቅም።

ልስቅ ነበር። ዘግቼ ወደ ጎማዬ ሄድኩ፤ የፈታሁትን ብሎን መልሼ አጠበቅኩት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ጥናት። ደሬ እየፈነጠዘ መጣ፤ ታዴ ደወለ፣ እማዬ ነገረችኝ እያለ። ከዚያ ደግሞ አኮረፈ። ለእኔ ለምን አይደውልም፣ ሲመጣ አሳየዋለሁ።

ካልተረብኩት ይነቃብኛል። ሙጫ በላጨው ፀጉሩ ተረብኩት፤ ንጉሥ መላጦ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ የታዴ ነው። ድሮ አላየሁትም ነበር።

ወደ መድረክ። ንጉሡ ምን ወሬ አመጣህ ይለኛል። እኔ ስለ ገብስ ማውራት አለብኝ። ገብስ ለማለት ምጥ ሆነብኝ። ሁሉም በሳቅ ተንከተከተ። ጋሽ በዳሳ ዛሬ ገና ሠራህ፣ ፍርሃቱን ከየት አመጣኸው አሉኝ። ከብርዱ አልኩ።

ቀብሩ የተላለፈ። አሁን ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

እንደገና ደወልኩ። እየለመድኩት ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ዛሬ ስለ አሠሪዬ ግመል የሌለ ታሪክ ፈጠርኩ። እትዬ አስካለ ሳቁ፤ ስፌቴን፣ ስፌቴን እያሉ። ጋሽ ለማ ማል ጎና፣ ማል ጎና ይላሉ ለብቻቸው። ምን እናድርግ ነው የሚሉት። እኔን ይጠይቁኛል እንዴ?

ስልኩን ዘግቼ ስሄድ ሚኪ ብለው ጠሩኝ። ቶሎ አልዞርኩም። የገዛ ስሜ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ኅዳር 16፣ እሑድ። ከሰዓት

እትዬ አስካለ ዓርብ ቤታቸው ገብተዋል። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው ይመጣሉ።

ሙዝ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደሬ ወፍጮ ቤት ነው። ትራስ ተደግፈዋል፤ ከስተዋል። ስለ ደሬ መላጣ መቀለድ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ታዴ ከላሟ በፊት ስለ እኔ ጠይቆ አያውቅም» አሉ።

ደብተሬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቁት! ገና ላሟን ትቼ ስለ ስፌቱ ስጠይቃቸው። ልጄ ቢኖር በሰው አፍ አያናግረኝም ብለው አሰቡ፣ አለቀ። ለደሬ ግን ታዴ ደወለ ይሉት ነበር፤ ይችን ጥቂት ቀን እንኳ ይሳቅ ብለው። እኛ ከእሳቸው ስንደብቅ እሳቸው ከልጃቸው። የጋሽ በዳሳ ተውኔት ይሄን አላሰበውም።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ከለከሉኝ። ለሽማግሌዎቹ እንዳትናገር አሉ፤ ይምጡ፣ ወጉ ይድረስ። ደሬም ዛሬን ተኝቶ ይደር።

«አንዴ ድገምልኝ» አሉ ከዚያ። «እንደ እሱ አድርገህ።»

ወጣሁ። ከአጥሩ ኋላ፣ ባሕር ዛፉ ሥር። ደወልኩ።

«ላሟስ?» አልኩ።

ወለደች አሉ። ወንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ደሬ ማለቡን አልቻለበትም፣ ትራገጥበታለች፤ አንተ ስትመጣ... አሉና ቆሙ። በአጥሩ በኩል እሰማቸዋለሁ፣ በስልኩ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ እንደገና። ማን እንደዘጋው አላውቅም።

ያንን ድምፅ ሁለተኛ አላወጣም። ለማንም።

ነገ ከሽማግሌዎቹ ጋር እሄዳለሁ። ጋሽ ለማ ካሻቸው ይቆጡ። ለደሬ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ስለ ገብስ አላወራም። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ቀልድ መስሎት ከሳቀ ግን አብሬው አልስቅም።