ልጄ የነቀለችው ጥርስ

ኅዳር 3
ልጄ ከሰሰችኝ። ሌላ ስም የለውም። የገዛ ልጄ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ለጤና ቢሮ ጽፋ ጥርስ የምነቅልበትን ክፍል አሳሸገችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራሁበትን። ሁለት ሰዎች መጡ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፣ ሄዱ። ጉጠቶቼን እንኳ አላስወጡኝም።
"ያለ ማደንዘዣ ይነቅላል" ብላ ነው የጻፈችው። አዎ፣ እነቅላለሁ። ማን ሞተብኝ?
አላናግራትም።

ኅዳር 5
አቤቱታ መጻፍ ጀመርኩ። ቀጠሮው ኅዳር 24 ነው። ማንም እንዳላስተማረኝ ጻፍኩ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍና የራሴ እጅ ብቻ። በአንድ ትንፋሽ እንደምነቅል ጻፍኩ። የደነዘዘ ሰው የጥርሱ ሥር ሲሰበር አይነግርህም... ይህንንም ጻፍኩ።
ባለቤቴ አነበበችው። "የበሽተኛውን ጭንቅላት የሚይዝልህን ጎረቤት ረሳኸው" አለች። አልሳቅኩም።

ኅዳር 9
ታችኛው መንጋጋዬ... ከኋላ በኩል። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ።

ኅዳር 11
ጉንጬ አበጠ። ራሴ ልነቅለው አሰብኩ። ጉጠቱ የታሸገው ክፍል ውስጥ ነው። አፌም ሁለት ጣት አያስገባም።
"ልጅህ ጋ እንሂድ" አለች ባለቤቴ።
"አልሄድም።"
"እንግዲያው ጎረቤቱን ልጥራና ጭንቅላትህን ይያዝልህ።"

ኅዳር 12
ክሊኒኳ ሄድኩ። ምን ላድርግ?
"አባዬ፣ አፍህን ክፈት" አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። አየችው። "ዛሬ አልነካውም፤ መግል ይዟል። አምስት ቀን ክኒን ዋጥና ና።"
"ፈርተሽ ነው?"
"መግል ያለበት ቦታ ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም። ብወጋህም ትጮሃለህ።"
ይህ ቃል ቤት እስክደርስ አልለቀቀኝም። ቤት ገብቼም።

ኅዳር 13
ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ ጉንጯ አብጦ ነበር፣ ልክ እንደ እኔ። ያኔ አንዴ ማደንዘዣ አምጥቼ ሞክሬአለሁ። ያበጠው ድድ ላይ ወጋሁ። ጠበቅሁ። ነቀልኩ። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሌባ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። "መድኃኒቱ ውሃ ነው" አልኩ። የቀረውን ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ወግቼ አላውቅም።
ውሃ አልነበረም ማለት ነው?
መጽሐፉን አወጣሁ። ስለ መርፌ የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ያኔ መጠኑን ብቻ አይቼ ዘጋሁት። ሦስት ገጽ አለፍ ብሎ ስለ መግል ተጽፏል። አንድ አንቀጽ ናት። ያኔ አላነበብኳትም።

ኅዳር 18
ነቀለችው።
ከመንጋጋዬ ጥግ፣ ነርቩ ከሚገባበት፣ ቀስ ብላ ወጋችኝ። "ከንፈርህ ደነዘዘ?" "አልደነዘዘም" አልኩ፣ ምራቄ በአገጬ እየወረደ። ነርሷ ሳቀች።
"ካመመህ ግራ እጅህን አንሳ፣ አቆማለሁ።"
አቆማለሁ... እኔ ጋ ሰው ሲታገል ሁለቱም እጁ ይያዝ ነበር።
ድዱን ቀደደች፣ ጥርሱን ለሁለት ከፈለችው። የመሰርሰሪያው ድምፅ ይሰማኛል፣ ግፊቱም። ወንበሩን ጨብጬ ሕመሙን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሰፍታ ስትጨርስም አልመጣም።
እንባዬ ግን ወረደ።
"አባዬ፣ አመመህ እንዴ?"
"ትንሽ" አልኩ። ዋሸሁ። ምንም አላመመኝም ብል... ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ነው የጮኸው ማለት ነው። በቀን ሦስት፣ አራት ሰው። ስንት ዓመት?

ኅዳር 20
ባለቤቴ ዳቦ ስትበላ አየኋት። በግራ ብቻ ነው የምታኝከው።
"ቀኙ ምን ሆነ?"
"ዛሬ ገና አየኸው?"
"ያምሻል?"
"ሲያሰኘው። አራት ዓመት ሆኖታል።"
"ቤትሽ ውስጥ ጥርስ ነቃይ እያለ?"
"ስላለ ነዋ።"
"ልጅሽ ጋስ ለምን አልሄድሽም?"
"አንተን እንዳላሳፍር።"
ዳቦዋን ቀጠለች። እኔ የኔን መጨረስ አልቻልኩም።

ኅዳር 21
ልጄ ስፌቱን ልታይ መጣች።
"ትንሽ ያልኩሽ ውሸት ነው። ምንም አላመመኝም።"
"አውቃለሁ። ያመመው ሰው እግሩ ይናገራል። ያንተ እግር ዝም ብሎ ነበር።"
ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው እግር አይቼ አላውቅም። አፉን ብቻ።
"እናትሽን ውሰጃት" አልኩ።
"አንተስ አትመጣም?"
"ሥራ አለኝ።"
የምን ሥራ? እሷም አልጠየቀችኝ።

ኅዳር 24
ጤና ቢሮ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። "አባት፣ አቤቱታዎን ያሰሙ።"
"ትቼዋለሁ።"
"ከተዉት ክፍሉ አይከፈትም።"
"አይከፈት።"
አንደኛው አጎንብሶ፣ "ልጅዎ አስገድዳዎት ከሆነ..." አለ።
"ልጄ የጻፈችው እውነት ነው።" ፈርሜ ወጣሁ።
ደጅ ላይ አንድ ሰው እጄን ያዘኝ። ድሮ ሁለት የነቀልኩለት ነው። "እጅዎ ይባረክ፣ እንደ እርስዎ ያለ ከየት ይገኛል" አለኝ።
"አሞህ ነበር?"
"ጥርስ አይደል እንዴ" ብሎ ሳቀ። የተነቀለበትን ቦታ ሊያሳየኝ አፉን ከፈተ። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር። ቆሜ አየሁለት፣ ድኗል አልኩት፣ ሄደ።
ስለ ክሱ ከዛሬ ወዲያ ቃል አልተነፍስም። ለባለቤቴም፣ ለልጄም። እዚህም አልጽፈውም።